አምባሳደሩ ግቢያችንን ያካለለ ጊዜ

አጎቴ በሕይወቱ አንድም አገር ወክሎ አያውቅም። ሰፈሩ ሁሉ ግን አምባሳደር ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ጫማ ጠጋኙ ነው። አጎቴ ሶሉ የተገነጠለ ጫማ ሊያሠራ ሄዶ ዋጋ ሲነገረው፣ «ሐሳቡን በመርህ ደረጃ እቀበለዋለሁ፤ ዝርዝሩን ወደፊት እንነጋገርበታለን» አለ። ጠጋኙ መርፌውን አስቀመጠና፣ «መልካም፣ ክቡር አምባሳደር። ዝርዝሩ እስኪያልቅ በባዶ እግርዎ ይመላለሱ» አለው። ከዚያ ወዲያ በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው የለም። እሱም ቅር አላለውም። እንዲያውም አረማመዱ ተቀየረ፤ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ እያንዳንዱን የሰፈር ፍየል ከልብ እንደሚሰማ ሰው መሄድ ጀመረ።

ሥራው በከተማችን ትልቁ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ወንበር መደርደር ነው። ሲናገሩት ቀላል ይመስላል። እኔም ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ሰላምና ግጭት አንድ ኮርስ ወስጄ፣ ጦርነትን የሚያቆሙት ታላላቅ ሐሳቦች ናቸው ብዬ ረጅም ግጥም ጽፌ ነበር። አጎቴ ግጥሙን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማና፣ «ጥሩ ነው፣ የኔ ገጣሚ፤ ወንበር ግን የለበትም» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ጎረቤት አገሮች በአንድ ሸለቆ ተጣልተው፣ ለድርድር ወደ እኛ ከተማ መመላለስ ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። የእኛ አገር ጠቡ ውስጥ የለችበትም፤ አዳራሽና ሻይ ታቀርባለች። መጀመሪያ የመጡ ዕለት የአንደኛው ወገን መሪ ገና ከመቀመጡ ብድግ አለ። ወንበሩ ከባላንጣው ወንበር በጣት ያህል ያንሳል። ሚኒስትር የሚያህል ሰው፣ ያን የመሰለ ሱፍ ለብሶ፣ ምንጣፍ ላይ ተንበርክኮ በስንዝሩ ለካ። አጎቴ መጋዝ ይዞ እንዲመጣ ተጠራና የረጅሙን ወንበር እግሮች ቆረጠ። ቆርጦ ሲጨርስ ያኛው ትንሽ አጠረ። ስለዚህ ይኼኛውን ቆረጠ። ይኼኛው አጠረ። ወደ ማታ ላይ ሁለቱ መሪዎች ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ፊት ለፊት ተቀመጡና፣ «ውይይቱ በፍጹም እኩልነት መንፈስ ተካሄደ» የሚል መግለጫ ወጣ።

እኩልነት እስከዚያ ድረስ ዝቅ ማለት እንደሚችል አላውቅም ነበር።

የሸለቆው ካርታማ ተሸፍኖ ነው የሚውለው። አንዱ ያሰመረውን መስመር ሌላው ማየት ስለማይፈቅድ፣ አጎቴ ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋውና ነጭ ጨርቅ ያለብሰዋል። አንድ ቀን አዳራሹን ሊያሳየኝ ወስዶኝ፣ «ጋሼ፣ አስከሬን ይመስላል እኮ» ስለው፣ አፉ ላይ ጣቱን አድርጎ፣ «ዝም በይ፤ ገና ሕክምና ላይ ነው» አለኝ።

ይህ ሁሉ እዚያው አዳራሹ ውስጥ ቢቀር መልካም ነበር። ግን ዳቦ ጋጋሪ ቅንድቡ ላይ ዱቄት፣ ዓሣ ሻጭ ልብሱ ላይ ሽታ ይዞ ቤቱ እንደሚገባው፣ አጎቴም መግለጫ ይዞ ይገባል። ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ሳህን ከተሰበረ፣ በማግስቱ «ግልጽና ፍሬያማ ውይይት አደረግን» ይለናል። የሳህኑን ስብርባሪ የምትጠርገው ፍሬያማዋ ሚስቱ ናት።

የምንኖረው አንድ ግቢ ውስጥ ነው። በስተግራ እኔና እናቴ፤ በስተቀኝ አጎቴና ሚስቱ፤ ጫፍ ላይ፣ በሁለቱ ቤቶች መሃል፣ አያቴ ብቻዋን አንድ ክፍል አላት። ከደጇ ፊት ለፊት ደግሞ የግቢው አንድ ለእናቱ የሆነው የውኃ ቧንቧ አለ። መዝጊያው ዝጎ ጠንክሯል፤ የአያቴ አንጓ ሪህ ስላለበት ሌላ ሰው ካልከፈተላት ውኃ አታገኝም። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የአጎቴ ታላቅ እህት ናት። እሱ «እትዬ» ይላታል። እሷ ደስ ሲላት «ወንድሜ»፣ ሳይላት «አንተ ወንበር ቆራጭ» ትለዋለች።

ጠቡ የመጣው ከመኪና ነው። አጎቴ ከአንድ የሥራ ባልደረባው ላይ አሮጌ መኪና ገዛ። ሞተሩ ሲነሳ የሚያስል፣ ሲጠፋ የሚያቃስት፣ በአብዛኛው ግን ጨርሶ የማይናገር መኪና ነው። አምጥቶ እናቴ ደጃፍ ላይ ገተረው። ደንበኞቿ በጎን፣ ሆዳቸውን ስበው መግባት ጀመሩ። አንድ ቀን አንዲት ሙሽራ ቬሎዋን ለክታ ስትወጣ የቀሚሷ ጫፍ የመኪናውን ጎማ ጠረገና እንደ ምድጃ ጨርቅ ጠቆረ። ሙሽራይቱ አለቀሰች። እናቴ መቀሱን እንደያዘች ወጣች።

«ይህን ቆርቆሮ አሁን አንሳልኝ!»

«እትዬ፣ ቃላት እንምረጥ።»

«መርጬ ነው እኮ ቆርቆሮ ያልኩህ! ሌላውን ብትሰማው ኖሮ!»

«አንቺም የልብስ ማስጫ ሽቦሽ እኔ መስኮት ድረስ ተዘርግቷል። እኔ ታግሻለሁ። በየጠዋቱ የማላውቀው ሰው ሱሪ እያየሁ ነው የምነሳው።»

«ሱሪ ያለው ሰው ማየት ለምደህ አታውቅማ!»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። በአጎቴ ላይ ሁለቱም ከደረሱ ቆይተዋል፤ ሆኖም የዚያን ዕለት አልተሳደበም። ዓይኑ በራ። ይህን ብርሃን አውቀዋለሁ፤ ሐሳብ የመጣለት ሰው ብርሃን ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ሁልጊዜ ጥፋት ይመጣል። «እትዬ፣» አለ በለሰለሰ ድምፅ፣ «እንደ ሠለጠነ ሰው እንፍታው። ነፃ ቀጣና እናበጅ።»

በማግስቱ ከአዳራሹ ሁለት ረጃጅም ቀይ የከፈይ ገመዶች ይዞ መጣ፤ የክብር እንግዶችን ከጋዜጠኞች የሚለዩ፣ ያረጁ ተብለው የተጣሉ ገመዶች ናቸው። የናስ መቆሚያዎቻቸውንም አመጣ። አንዱን ገመድ በእኛ በኩል፣ አንዱን በሱ በኩል፣ ከአጥሩ በር አንሥቶ እስከ አያቴ ክፍል ግድግዳ ዘረጋ። በሁለቱ መካከል ያለው መሬት ማንም የማይገባበት ሆነ። መኪናው ከሱ ገመድ ወዲያ፣ የገዛ መስኮቱ ሥር ተለጥፎ ይቆማል። ሽቦው ከእኛ ገመድ ወዲህ ያጥራል። እናቴ ሽቦዋ ቢያጥርም መኪናው ስለተነሳ ረካች፤ አጎቴ መኪናው ቢገፋም ሱሪ ስለቀረለት ረካ። አጥሩ በር ላይ ቆመው ተጨባበጡ። በጭቃው መሃል፣ በዶሮዎቹ ፊት፣ ያ ቀይ ከፈይ እንዴት እንዳማረ! ለአፍታ ዓይኔ እንባ አቀረረ። የሰው ልጅ ይግባባል ብዬ ነው።

ጠዋት አያቴ ደጇን ከፈተችና፣ «ውኃ ቅዱልኝ» አለች።

እናቴ ባልዲ ይዛ ወጣች። አጎቴም ጀሪካን ይዞ ወጣ። ሁለቱም ገመዳቸው ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። ቧንቧው በነፃው ቀጣና መሃል፣ ጠብ... ጠብ... እያለ ያያቸዋል።

ይህን ለማመን ይከብዳል፤ እኔም ዓይኔ እያየ ከብዶኛል። ካካለለው አጎቴ አንሥቶ እስካየሁት እስከ እኔ ድረስ፣ ሁላችንም ስለ መኪናና ስለ ሱሪ ስናስብ አንዳችንም ስለ ውኃ አላሰብንም።

«እትዬ፣» አለ አጎቴ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አንድ እግርሽ ከገባ ጥሰት ነው።»

«አንተስ ያ እጅህ የት ነው ያለው?»

«አየር ላይ ነው። አየሩን አልተነጋገርንበትም።»

«እንግዲያው እጅህን ዘርጋና ቅዳ!»

እጁ አይደርስም። የእሷም አይደርስም። አንደኛው ቢገባ ደግሞ ያፈረሰው እሱ ይሆናል፤ ያ ማለት መኪናው ይመለሳል፣ ወይም ሱሪው ይመለሳል። አያቴ በራፏ ላይ፣ ባዶ ጣሳዋን እንደያዘች አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ አየች።

«ይኼ ቧንቧ የማነው?» አለች።

«የማንም አይደለም፣ እማዬ። ነፃ ነው» አላት አጎቴ።

«እኔስ?»

አጎቴ እናቴን አየ፤ እናቴ መሬት አየች። «አንቺም... ነፃ ወገን ነሽ» አለ።

«እንዲያ በለኝ። ሁለት ልጅ ወልጄ የማንም ሳልሆን ቀረሁ በለኛ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱም ቤት ውኃ የሚቀዳው ከጎረቤት ዳቦ ቤት ሆነ። እናቴና የአጎቴ ሚስት ወረፋው ላይ ከፊትና ከኋላ ቆመው፣ የዳቦውን መጋገር እንደ ትልቅ ነገር ያያሉ። ለአያቴ ምግቧንና ውኃዋን በገመዱ ላይ እናቀብላታለን። እኔ እንኳ «ዘልዬ ልግባ?» ስል እናቴ ክንዴን ያዘችኝ፤ «አንቺም የዚህ ቤት ነሽ። ከገባሽ እኔ ገባሁ ማለት ነው» አለችኝ። በዩኒቨርሲቲ ስለ ዜግነት ብዙ አንብቤአለሁ፤ ክንዴን እንደዚያ አጥብቆ የያዘኝ መጽሐፍ ግን የለም። አያቴ ሾርባዋን ከቀይ ከፈይ በላይ ስትቀበል አንጓዋ አይታዘዝላትም፤ ግማሹ ይፈስሳል። ነፃው ቀጣና ሾርባ ሾርባ ይሸት ጀመር።

ሳምንት ሳይሞላ አያቴ ሁለታችንንም ወገን ከደጇ ላይ ጠራችን። እሑድ ጠዋት በሚነሳው አውቶቡስ፣ ሌላ ከተማ ወዳለችው ታናሽ እህቷ ዘንድ እንደምትሄድ ነገረችን። አትመለስም። «እዚያ ውኃ ጠጥቼ እሞታለሁ» አለች በቃ። የእህቷ ቤት በሰባራ ደረጃ የሚወጣበት፣ ልጆች የሞሉበት አንድ ክፍል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የአሮጊት አቅም የሚፈትን ረጅም መንገድ እንደሆነም እናውቃለን። እናቴ ያን ቀን ልብስ ስትሰፋ መርፌው ጣቷን ወጋት። አጎቴ መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ ሞተር ሳያስነሳ፣ መሪውን ይዞ ቁጭ አለ። ገመዱን ግን አንዱም አላነሳም።

በዚያው ሰሞን እነዚያ ልዑካን ተመልሰው መጡ። አጎቴ ውኃ ለማቅረብ ግድግዳ ሥር ይቆማልና ሁሉን ይሰማል። ለካ ሸለቆው ውስጥም ነፃ ቀጣና አለ፤ አጎቴ ሐሳቡን የሰረቀው ከዚያ ነው። ለካ የሸለቆው ብቸኛ ጉድጓድም እዚያው ቀጣና መሃል ቀርቷል። የሁለቱም አገር ከብት እያየው በጥም ያልቃል። ይህን ያህል የተማረ ሰው፣ ይህን ያህል ሱፍ ለብሶ! እኔ እኮ ግቢያችን ብቻ ነበር የሚመስለኝ።

የሚያደራድሩት ጡረታ የወጡ፣ ከሩቅ አገር የመጡ ሴት ዳኛ ናቸው። አጎቴ እንዳለው፣ ዳኛዋ ሁለቱን ወገኖች በሁለት ክፍል አስገቧቸውና የራሳቸውን ወንበር ኮሪደሩ ላይ አስቀመጡ። ከአንዱ ክፍል ስድብ ይቀበላሉ፤ ኮሪደሩ ላይ ያለዝቡታል፤ ለሌላው ጥያቄ አድርገው ያደርሱለታል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ተመላለሱና ማምሻው ላይ፣ «የመስመሩን ነገር ለጊዜው ተዉት፤ ከብት መስመር አይጠጣም» አሏቸው። ስለ ጉድጓዱ ብቻ ተነጋገሩ። አንደኛው ወገን ጠዋት፣ ሌላኛው ከሰዓት ሊያጠጣ ተስማሙ። ጉድጓዱ የማን እንደሆነ ሳይጻፍ ቀረ።

ከዚያ ሌላ ችግር መጣ። ከየክፍላቸው ቀድሞ የወጣ ቀድሞ እጅ የሰጠ ይመስላል። ማንም አልወጣም። ስምምነቱ አልቆ፣ ሻዩ ቀዝቅዞ፣ ሁለቱም ክፍላቸው ውስጥ ተቀመጡ። በመጨረሻ አጎቴ ተጠራ። የሁለቱ ክፍል በሮች ጎን ለጎን ናቸው፤ አንዱን እጀታ በግራ፣ አንዱን በቀኝ ይዞ፣ እኩል ከፈታቸው። ሁለቱም መሪዎች እኩል ወጡና ለየጋዜጠኞቻቸው ድል አድርገናል አሉ። አጎቴ ይህን ሲነግረኝ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ፣ የሌሉ በሮችን ከፈተልኝ። «ታሪክን እኮ ነው በዚህ እጄ ጎትቼ የከፈትኩት» አለ።

«የኛስ ቧንቧ ታዲያ?»

ዘርግቶ የነበረውን እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ። «አንቺ ዳኛዋን ትሆኛለሽ» አለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ወንበሬን አጥሩ በር ላይ፣ ከሁለቱም ገመድ ውጭ አስቀመጥኩና መመላለስ ጀመርኩ። እናቴ፣ «ያን ቆርቆሮውን ይብላው በይልኝ!» አለችኝ። ሄጄ፣ «እህትህ መኪናህ እንዴት ሆነ ትላለች» አልኩት። አጎቴ ደነቀው። «ምን ታስቦ ነው ጥየቃው? እርጅና ነው በያት፤ እንደ ባለቤቱ» አለኝ። ተመልሼ፣ «ጋሼ አርጅቻለሁ፣ ጠብ ደክሞኛል ይላል» አልኳት። እናቴ መቀሷን አስቀመጠች። «ሲደክመው ነው እህት ያለችው? ራሰ በራ!» አለች። ሄጄ፣ «ስለ ጤናህ ትጨነቃለች፤ ራስህን ፀሐይ እንዳይመታው» አልኩት። አጎቴ ሳያውቀው ባዶ አናቱን ዳሰሰ። በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ግጥሞች ሁሉ እነዚህ ይሻላሉ፤ የሚያሳዝነው አንዱንም በስሜ ላሳትመው አለመቻሌ ነው።

ሲመሽ በነገሩ ሁሉ ተስማምተው ነበር። ጠዋት እኛ እንቀዳለን፣ ማታ እነሱ ይቀዳሉ፤ ቧንቧው የማን እንደሆነ አይነሳም። አያቴን የፈለገ በፈለገበት ጊዜ ይጎበኛታል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማን ቀድሞ ይገባል? እናቴ፣ «እኔ ስገባ እሱ ቢቆምስ?» አለች። አጎቴ፣ «እኩል እንግባ» አለ። እናቴ፣ «በግራ እግር ነው በቀኝ?» አለች። አጎቴ ይህን በጥሞና ሊያስብበት ጊዜ ጠየቀ። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ! ቅዳሜ እዚያ ላይ አለቀች።

እሑድ ጠዋት ስንወጣ ገመዶቹ የሉም። የናስ መቆሚያዎቹ ራሳቸውን ችለው፣ እንደ ተረሱ እንግዶች ጭቃው ላይ ቆመዋል። አያቴ ደጇ ላይ በርጩማ አውጥታ፣ የጉዞ ነጠላዋን ደርባ ተቀምጣለች። ከእግሯ ሥር ትልቅ ጓዝ አለ። ጓዙ በሁለት ቀይ የከፈይ ገመድ፣ አንዱ በአግድም አንዱ በቁመት፣ ተጠፍንጎ ታስሯል።

እናቴና አጎቴ ከየደጃቸው ወጡና ገመድ በነበረበት ቦታ ላይ ቆሙ። ልብ በሉ፤ ገመድ የለም። ሆኖም ቆሙ።

«እማዬ፣ ገመዱ...» አለ አጎቴ።

«ይዤው መሄዴ ነው። ወዳችሁት የለ? ካለሱ መኖር ካልቻላችሁ ተከተሉት።»

«ልብሶችሽ ናቸው እዚያ ውስጥ?» አለች እናቴ።

«ልብሴም ነው፤ ጣሳዬም ነው። በአግድም ያሰርኩት ያንቺ ድንበር ነው፤ በቁመት ያሰርኩት ያንተ ነው። ጣቴ ሪህ ነው፤ አስሬዋለሁ፣ መፍታት ግን አልችልም። ወይ የየራሳችሁን ፍቱልኝ፣ ወይ እስከ አውቶቡሱ ተሸክማችሁ አድርሱኝ። የትኛውንም ለማድረግ ግን እዚህ ድረስ መምጣት አለባችሁ።»

ከመንገዱ ወዲያ አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፋ። አንድ ዶሮ በነፃው ቀጣና በኩል፣ ማንንም ሳትጠይቅ አለፈች። እናቴ አጎቴን አየችው። አጎቴ እናቴን አያት። ማንም አልቆጠረም፣ ግራና ቀኝ የሚባል ነገርም አልተነሳም። ሁለቱም ጓዙ ላይ ተደፍተው አየኋቸው፤ የእናቴ ጣቶች ቋጠሮ ላይ እንደ መርፌ ፈጣኖች ናቸው፤ አጎቴ በጥርሱ ነበር የሚፈታው። ክቡር አምባሳደር፣ ጭቃ ላይ ተንበርክኮ፣ ከፈይ እያኘከ።

አውቶቡሱ ሄደ። አያቴ እሄዳለሁም እቀራለሁም አላለችም። በርጩማዋን ይዛ ገባችና፣ «ውኃ ቅዱልኝ» አለች። ማለዳ ስለሆነ እናቴ ቀዳች።

ዛሬ መኪናው ከአጥሩ ውጭ ቆሟል፤ የሰፈር ድመት ወልዳበታለች፤ አጎቴ ጥገኝነት ሰጥቻታለሁ ይላል። የሸለቆው ካርታ እስካሁን እንደ ተሸፈነ ነው፤ ከብቱ ግን ይጠጣል። እኛም ቧንቧው የማን እንደሆነ አናውቅም፤ እንጠጣለን። ሁለቱን ገመዶች አያቴ ፍራሿ ሥር አጣጥፋ አስቀምጣቸዋለች፤ እናቴና አጎቴ ድምፃቸው ከፍ ባለ ቁጥር ጫፋቸውን ትንሽ ታወጣለች።

ጓዙን ቀድሞ ማን ፈታ ሲባል ግን እናቴ «እሱ ነው፤ እጅ የሰጠው እሱ ነው» ትላለች፤ አጎቴም «እትዬ ናት፤ እኔ በመልካም ጉርብትና መንፈስ ተከተልኩ» ይላል። አያቴን ስንጠይቃት፣ «እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» ትላለች።

አልጨፈነችም። ሁለት ዓይኗን አፍጥጣ ስታይ እኔ ከደጃችን እያየኋት ነበር፤ ማን እንደ ቀደመም አይቻለሁ። ማን እንደሆነ ግን እዚህ አልጽፍም፤ እኔም የምጠጣው ከዚያው ቧንቧ ነው።